ያለ ምስክር እንምጣ

ገንዘብ ላወጣ አንድ ባንክ ገብቼ ነበር። ሠራተኛዋ ቅጹን ሞላችልኝ፣ ጣቴን ይዛ መስመሩ ላይ አደረገችልኝ፣ ፈረምኩ። ሃያ ዓመት የኖርኩበት ፊርማ ነው። ኃላፊዋ ዘንድ ደርሳ ተመለሰችና «ጋሼ ይቅርታ፣ ምስክር ያስፈልጋል» አለችኝ። ብቻዬን የመጣሁት ብቻዬን መሄድ ስለምችል ነው፤ ምስክር ከየት ላምጣ? በመጨረሻ በር ላይ የቆመው ጥበቃ ተጠራ። ደግ ሰው ነው። ደብተሬን ተቀብሎ ጮክ ብሎ አነበበልኝ። ያለችኝን ብር ሰልፉ ሁሉ ከነሳንቲሟ ሰማ። ከዚያ ፈረመልኝ።

በልጅቷ አልፈርድም። ነገሩ ሥር ያለው በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ ነው። ቁጥር 1728 የዓይነ ስውር ፊርማ በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም ይላል። ያስቀመጠን ደግሞ ማንበብና መጻፍ ከማይችል ሰው ጎን ነው። በብሬል አንብቦ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰውም፣ ጥብቅና ፈቃድ ያወጣውም እዚያው ነው። እኛን ከአታላይ ለመጠበቅ ታስቦ ይሆናል፤ አልክድም። ግን ጥበቃው ሲወርድ ሲወርድ ከዳኛው ተነስቶ ዘበኛው ጋ ደረሰ።

እንግዲህ የአካል ጉዳተኞች መብት ሕግ ይሻሻል ሲባል፣ ሕዝብ ይምከርበት ሲባል፣ እኔ የምሄደው ይህችን ደብተር ይዤ ነው። እናንተስ ምን ይዛችሁ ትመጣላችሁ?

ሕግ የለንም አይባልም። የሥራ ስምሪት አዋጁ ቁጥር 568/2000 በአካል ጉዳቴ ምክንያት ተገለልኩ የሚል ሠራተኛ ሲከስ የማስረዳቱን ሸክም አሠሪው ላይ ጥሏል፤ ድንቅ አንቀጽ ነው። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ በዊልቸር የሚሄድም፣ ደረጃ መውጣት የሚቸግረውም የሚገባበት መንገድ ይኑረው ብሎ ነበር። ታዲያ የአካል ጉዳተኞች ጉዳይ የሚታይበት ቢሮ ሦስተኛ ፎቅ ሆኖ ሊፍቱ የቆመበት ሕንፃ አልገጠማችሁም? ራምፕ አለ የተባለበትስ? ወይ ሽቅብ እንደ ተራራ የቆመ ነው፣ ወይ ሞተር ሳይክል ተገትሮበታል። ለዚያ ራምፕ በስሙ የሚጠየቅ ሰው፣ የሚያልቅበት ቀን፣ የሚሠራበት በጀት አልተጻፈለትም። አዲሱ ሕግ ላይ እነዚህ ሦስቱ ካልተጻፉ ዳግመኛ ድንቅ አንቀጽ ብቻ እናገኛለን።

አዳራሽ ውስጥ የሚሆነውን እናውቀዋለን። አንዱ ይነሳና «ረቂቁ ጥሩ ነው፣ ችግሩ አፈጻጸሙ ላይ ነው» ይላል። ይጨበጨባል። ሻይ ይጠጣል። (እኔም ይህን ንግግር አድርጌዋለሁ፤ ጭብጨባውም ሞቅ ያለ ነበር።) አሁን ይብቃን። ስንት ደረጃ እንደ ቆጠርክ፣ በየትኛው ቀን ከየትኛው መስኮት እንደ ተመለስሽ፣ ለፈተና አንባቢ ጠፍቶ ስንት ሰዓት እንደ ጠበቃችሁ ጽፋችሁ አምጡ። መጻፍ ያልተመቸው በስልኩ ድምፁን ይቅዳ። በምልክት ቋንቋ የምትናገሩ ደግሞ አስተርጓሚ ከሌለ ስብሰባው አልተጀመረም በሉ። ረቂቁም በብሬልና በድምፅ ቀድሞ ይድረሰን፤ ያላነበብነውን እንዴት እንተቻለን?

አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። በ1999ኙ ቆጠራ የአካል ጉዳተኛው ቁጥር ከሕዝቡ ከመቶ አንድ ገደማ ነው የተባለው። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ከዓለም ሕዝብ ከመቶ 16 ያህሉ ይላል። አገራችን የተለየች ሆና አይደለም። ቆጣሪው በር ሲያንኳኳ ከመጋረጃ ጀርባ የቀረ ልጅ አለ። እናቱ ወዳ አልደበቀችውም፤ ጎረቤት «ምን ሠርታ ነው?» እንዳይል ነው። ኢትዮጵያ በ2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አንቀጽ 4 ሕግ ሲወጣ ሕፃናቱንም ጨምራችሁ አማክሩ ይላል። እናቶች፣ ልጃችሁን ይዛችሁ ኑ! ቢጮኽም ይጩኽ፣ ቢንፈራገጥም ይንፈራገጥ፤ ስለ እሱ ነው የሚወራው።

ማኅበራት፣ የዋና ከተማውን ሰው ብቻ አትላኩ፤ ከወረዳ በክራንች አቧራ እየረገጠ የሚመጣውን ይዛችሁት ኑ። መሐንዲሶች፣ ያልተሠራላችሁን የራምፕ ንድፍ ይዛችሁ ኑ። የባንክ ሠራተኞች፣ እናንተም ኑ፤ ያቺን «ጋሼ ይቅርታ» መድገሙ መቼም እናንተንም ሰልችቷችኋል።

መግቢያው ላይ የስም መመዝገቢያ ወረቀት ይዘረጋል። «እኔ ልፈርምልዎት» የሚል አይጠፋም። እስክሪብቶውን እንቀበልና መስመሩ የቱ ጋ እንደሆነ ብቻ እንጠይቀው።