ጣቱ ተጠገነ፤ ከዚያስ?

አገራችን ውስጥ የጣት ጉዳት እንደ ጉዳት አይቆጠርም። እግሩ የተሰበረ ሰው ቃሬዛ ይፈለግለታል፤ ጣቱ የወለቀ ግን «አይዞህ፣ ጣት ነው» ተብሎ ይታሻል፣ ይታሰራል፣ በማግስቱ ሥራ ይገባል። ሐኪም ቤት የሚታሰበው ጣቱ አልታጠፍ ሲል ነው፤ ያኔ ደግሞ ወር ሁለት ወር አልፏል። ይህ አዲስ አበባም ያለ ነገር ነው፣ ኦሞራቴ ላይ ግን ዋጋው ይከብዳል።

የዳሰነች ሰው የሚኖረው በእጁ ነው። ኦሞ ሞልቶ ሲመለስ በረጠበው ዳርቻ ማሽላ ይዘራል፣ መረብ ይጎትታል፣ ከብት ያልባል። አጥብቆ ለመጨበጥ ደግሞ ዋናዋ የጣት መካከለኛዋ መገጣጠሚያ ናት። ጤነኛ ስትሆን ወደ 100 ዲግሪ ትታጠፋለች።

ተሰብራ ብትወልቅ ሕክምና አላት። ከእጅ አንጓ አጥንት ቁራጭ ተወስዶ የደቀቀው የጣት አጥንት ይተካል። ሲሳካ ከ70 እስከ 80 ዲግሪ የሚደርስ መታጠፍ ሊመለስ ይችላል። ከዓመታት በኋላ ራጁ ላይ የመገጣጠሚያው መበላት ቢታይም ብዙዎች ያን ያህል ሳያማቸው ይሠራሉ። የሲሊኮን መገጣጠሚያም አለ፤ ግን በዓመታት ውስጥ ሊሰበር ስለሚችል ለጉልበት ሠራተኛ አይመከርም። ሌላው መንገድ መገጣጠሚያውን ለመያዝ በሚመች መጠን አጉብጦ ማጣበቅ ነው። ጣቱ ከእንግዲህ አይታጠፍም፣ ግን ሕመሙ ይቆማል፣ ጥንካሬም ያገኛል።

ችግሩ የሚጀምረው በሽተኛው ከቀዶ ሕክምና ክፍል ከወጣ በኋላ ነው። ሦስት ሳምንት ከርችሞ የከረመ ጣት ይደርቃል። ስለዚህ እንቅስቃሴው በቀናት ውስጥ ተጀምሮ ለወራት መቀጠል አለበት። ይህ ለአገራችን አዲስ ትምህርት አይደለም። በ1958 ዓ.ም. የተመሠረተው አለርት በሥጋ ደዌ የተጣመሙ ጣቶችን ጅማት እያዛወረ ሲያክም ኖሯል፤ በዚህ ሕክምና ታካሚው ከቀዶ ሕክምናው በፊትም በኋላም ጣቱን ማንቀሳቀስ ይሠለጥናል።

አሁን ይህን ወደ ኦሞራቴ እንውሰደው። በቱርሚ በኩል ጂንካ ለመድረስ 200 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ አለ። አዲስ አበባ ደግሞ ከጂንካ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። «በየሳምንቱ እየመጣህ ትታያለህ» የሚባለው ሰው ከብቱን ለማን ትቶ ነው የሚመላለሰው? የዘር ወቅት ቀጠሮ አይጠብቅለትም።

በእኔ እምነት ሐኪሙ ቢላዋ ከማንሳቱ በፊት «ስንት ጊዜ ተመልሰህ መምጣት ትችላለህ?» ብሎ መጠየቅ አለበት። መልሱ «አንዴም» ከሆነ ማጣበቁ የድሃ ሕክምና አይደለም፤ ክትትል ካጣ ረቀቅ ያለ ጥገና ይሻለዋል። ይህ ግን ለመንግሥት ሰበብ ሊሆን አይገባም። ልምምዱ ውድ መሣሪያ አይፈልግም። የሚያስፈልገው ጂንካ ላይ ፊዚዮቴራፒ፣ ኦሞራቴ ላይ ደግሞ ጣትን በትክክል ማሰርና ማንቀሳቀስ የተማረ፣ ልምምዱንም በዳሰነችኛ የሚያስረዳ ጤና ባለሙያ ነው።

ወጌሻውንም አንርሳ፤ ብናሳድደው ሰው ተደብቆ ይሄድለታል። አጥብቆ ማሰር ደም አግዶ እጅ እንደሚያስቆርጥ፣ የተጣመመ ጣት ደግሞ ቶሎ መላክ እንዳለበት ማስተማሩ ይሻላል። ከስድስት ሳምንት በኋላ የደረሰ ውልቃት ውጤቱ በእጅጉ ይከፋል።

ወጪውስ? በእርሻ ልማት ተቀጥሮ ለተጎዳ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 አለለት፤ ቀዶ ሕክምናውን ጨምሮ የሕክምና ወጪው በአሠሪው ላይ ነው። መረብ ሲጎትት ለተጎዳው ግን አሠሪ የለውም። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባል ከሆነ ሕክምናው ይሸፈንለት ይሆናል። የመኪናውና የማደሪያው ግን ከኪሱ ነው፤ ለጣት ደግሞ ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው መመላለሱ ነው።