በመርህ ደረጃ
ከጦርነት በኋላ የተፈረመ ውል ሳነብ መጀመሪያ የምፈልገው «ማን ያስፈጽመዋል?» የሚለውን አንቀጽ ነው። ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 የተፈረመው የኢትዮጵያና የኤርትራ የአልጀርስ ስምምነት የድንበር ኮሚሽኑ ውሳኔ የመጨረሻና አስገዳጅ ይሁን አለ፤ ኮሚሽኑም ለነዋሪው ይበጃል ያለውን ሳይሆን የቅኝ ግዛት ውሎችንና ዓለም አቀፍ ሕግን ብቻ እንዲከተል እጁን አሰረው። አዲስ አበባና አስመራ ይህን ወደው ፈረሙ። ሚያዝያ 5 ቀን 1994 ውሳኔው ሲወጣ መንግሥታችን አከራካሪዋ ባድመ ለእኛ ተወሰነች ብሎ አበሰረ (ካርታው ላይ ስሟ እንኳ አልነበረም!)። በኤርትራ በኩል መዋሏ ሲረጋገጥ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ በ1997 «በመርህ ደረጃ ተቀብለናል» የሚል ዘዴኛ ቋንቋ መጣ። መቀበል ከሆነ መርህና ደረጃ ምን ያደርጉለታል? አስመራም ከደሙ ንጹሕ አይደለችም፦ የተባበሩት መንግሥታትን ሰላም አስከባሪ ነዳጅ ከልክላ በ2000 አስወጣችው። ኮሚሽኑ ቀድሞ ድንበሩን በወረቀት ላይ በነጥቦች አስምሮ ተበትኗል። በሐምሌ 2010 የሁለቱ አገሮች መሪዎች አስመራ ላይ ተቃቀፉ፣ አውሮፕላን በረረ፣ ስልክ ተከፈተ። ድንበሩ መሬት ላይ አልተካለለም።