ማጣሪያውንስ ማን ያጣራዋል?

የዛሬው ጨዋታዬ ስለ ፖለቲካ አይደለም። የትኛው ድርጅት ለሁለት እንደተከፈለ፣ የትኛው ስብሰባ በጭቅጭቅ እንደተበተነ አላወራችሁም። የማወራችሁ ስለ ውሃ ነው። «ውሃ ደግሞ ምን ወሬ አለው?» የምትሉ ካላችሁ እስከ መጨረሻው ታገሡኝ።

የእህቴ ልጅ እዚሁ ዋሽንግተን ከተማ ከወለደች ሁለት ወሯ ነው። ከባሏ ጋር የተከራዩት ቤት ያረጀ ያፈጀ ነው። ጡቷ ስለማይበቃው ሕፃኑ በጡጦ የዱቄት ወተት ይጨመርለታል፤ ዱቄቱ የሚበጠበጠው ደግሞ በቧንቧ ውሃ ነው። እኔም ቤት በገቡ ጊዜ እንደ አጎት ወግ ማጣሪያ ያለው የውሃ ጆግ ገዝቼ፣ «በሉ፣ ከእንግዲህ ሐሳብ አይግባችሁ» ብዬ ካስረከብኳቸው ዓመት ከመንፈቅ አልፎኛል።

ታላቅ እህቴ ልጇን ልታርስ ከአዲስ አበባ መጣች። በሦስተኛው ቀን ልጠይቃቸው ብሄድ ጆጉን እያገላበጠች ታየዋለች።

«አንተ፣ ይሄን ነገር የሚያጥቡት መቼ መቼ ነው?»

«አይታጠብም እትዬ፣ የአሜሪካ ዕቃ ነው» አልኳት ኮራ ብዬ።

«ታዲያ ያጣራው ቆሻሻ የት ይሄዳል?»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ እዚህ አገር ስኖር ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖኛል፤ ይህን ጥያቄ ግን አንድም ቀን ራሴን ጠይቄው አላውቅም።

እናታችን ቤት ባለ ሁለት ደርብ ማጣሪያ ነበረን። በላይኛው ውስጥ እንደ ሻማ የቆሙ ነጫጭ የሸክላ ማጣሪያዎች ነበሩበት። ጠብታው ሲዘገይ እናታችን አውጥታ በለስላሳ ብሩሽና በንጹሕ ውሃ ትፈትጋቸዋለች፤ ሳሙና አታስነካቸውም። አፍልታ ትመልሳቸዋለች። የተሰነጠቀ ካገኘች ትጥለዋለች፤ በስንጥቁ በኩል ውሃው ሳይጣራ ያልፋልና። ቆሻሻውን በዓይኗ ስለምታየው ነገሩ ተረስቶ አያውቅም።

የዚህ አገሩ ጆግ ግን ሥራውን የሚሠራው በሆዱ በያዘው ከሰል ነው። ከሰሉ የክሎሪኑን ሽታና ሌላውንም ነገር ይዞ ያስቀራል። አቅሙ ሲያልቅ ታጥቦ አይመለስም፤ ማጣሪያውን አውጥቶ ጥሎ አዲስ መተካት ብቻ ነው። ተራው ዓይነት የሚያገለግለው 40 ጋሎን፣ ማለትም 150 ሊትር ያህል፣ ወይም ሁለት ወር ግድም ነው። ከዚያ የሚበልጥም አለና ካርቶኑን ማንበብ ነው። ጊዜው ያለፈበት ማጣሪያ የጀርም መራቢያ ሊሆን ይችላል።

የልጆቹ ጆግ ከተገዛ ጀምሮ አልተቀየረም። አስታዋሹ መብራት መጀመሪያ ቀይ ሆነ። ቆይቶ ባትሪው አለቀና ጠፋ። ልጆቹም «ተሻለው» ብለው ተቀመጡ!

እህቴ ግን መላ አላጣችም። «በቃ እኔ አፈላዋለሁ፤ የፈላ ውሃ ምን ይነካዋል?» አለች። እዚህ ላይ እሷም ተሳስታለች። ማፍላት ጀርም ይገድላል። እርሳስ የሚባለውን መርዛማ ብረት ግን አያጠፋም፤ እንዲያውም ውሃው እየተነነ ሲሄድ በቀረው ላይ እርሳሱ ይበረታል። እርሳስ ሽታም ጣዕምም የለውም፤ የሚጎዳው ደግሞ ከሁሉ አብልጦ የሕፃናትን አእምሮ ነው።

ይህ የሩቅ አገር ተረት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000 መጨረሻ በዚሁ በዋሽንግተን ውሃው የሚታከምበት ኬሚካል ሲለወጥ፣ ከአሮጌ ቧንቧዎች እርሳስ እየለቀቀ በሺህ የሚቆጠሩ ቤቶች ውሃ ውስጥ ገባ። ሕዝቡ በሰፊው የሰማው በጥር 2004 ነው። በ2014 ደግሞ ሚሺጋን ውስጥ በፍሊንት ከተማ ሌላ መዓት መጣ። አሜሪካ አዲስ የእርሳስ ቧንቧ መዘርጋትን የከለከለችው በ1986 ነውና፣ ከዚያ በፊት በተሠራ ቤት የምትኖሩ ልብ በሉ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ልጁን አደጋ ላይ የጣልኩት በገዛ ስጦታዬ መሰለኝ። ውሃውን አስመረመርን፤ እርሳስ ተገኘበት። ሕፃኑም ደሙ ተመረመረ። ሐኪሙ፣ «አሁን የሚያሰጋ ነገር የለም፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ይደገም» አለን። ተመስገን ነው።

እንግዲህ የተማርኩትን ላካፍላችሁ። ማጣሪያ ስትገዙ ካርቶኑ ላይ ኤን.ኤስ.ኤፍ. 53 የሚለውንና እርሳስ እንደሚቀንስ የሚናገረውን ቃል ፈልጉ፤ 42 የሚለው ብቻውን ከሆነ ለጣዕምና ለሽታ ነው። ለመጠጥና ለጡጦ የምትቀዱት ከቀዝቃዛው ቧንቧ ይሁን፤ ሙቅ ውሃ እርሳስን ይበልጥ ያሟሟል፣ ማጣሪያውንም ያበላሻል። ውሃው ቧንቧ ውስጥ ካደረ ከመቅዳታችሁ በፊት ጥቂት ደቂቃ አፍስሱት። በቧንቧው አፍ ላይ ያለችውን ትንሽ ወንፊት ፈታችሁ እጠቡ፤ ፍርፋሪው እዚያ ይጠራቀማል። ደግሞም ማጣሪያ ማፍላትን አይተካም። በሐምሌ 2024 መላው ዋሽንግተንና አርሊንግተን «ውሃችሁን አፍሉ» ሲባል፣ ተራ ጆግ ይዞ «እኔ አጣራለሁ» ማለት አያዋጣም ነበር።

ሰሞኑን ልጠይቃቸው ብሄድ እህቴ የቤተ ክርስቲያኑን ካሌንደር ግድግዳው ላይ ሰቅላለች። በየሁለት ወሩ ሃያ አንድ ቁጥር ተከቦበታል። «ምንድነው?» አልኳት።

«ማጣሪያው የሚቀየርበት ቀን ነዋ! እኔ ወደ አገሬ መመለሴ ነው፤ መብራቱም እንደሆነ ይጠፋል። የማርያምን ቀን ግን የሚረሳ የለም» አለችኝ።

እናንተም የራሳችሁን ቀን ክበቡ። ሳምንት እስክንገናኝ ደህና ሰንብቱ።