ቴምብሩን ያወቀ፣ ሕጉን የዘነጋ

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይባላል። የቴምብር ሰብሳቢዎች ንጉሥ የነበረው ፊሊፕ ፎን ፌራሪ ግን የተመነጠረው ከሞተ በኋላ ነው።

ፌራሪ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1850 ፓሪስ ውስጥ ተወለደ። አባቱ በባቡር ሐዲድና በባንክ ሥራ የከበሩ ጣሊያናዊ መስፍን ነበሩ። ልጅየው ገንዘቡን ያፈሰሰው ቴምብር ላይ ነው። ለሻጭ እጁ የማይታጠፍ በመሆኑ አልፎ አልፎ ሐሰተኛ ቴምብርም ይሸጥለት ነበር። ይሁንና በዘመኑ የእሱን የሚስተካከል ስብስብ አልነበረም።

ከእነዚህ አንዷ በ1856 የታተመችው የብሪቲሽ ጊያና ባለ 1 ሳንቲም ቴምብር ናት። በ1873 አንድ ተማሪ ልጅ ከአሮጌ ደብዳቤዎች መሐል አግኝቶ በ6 ሽልንግ ሸጣት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፌራሪ እጅ ገባች።

ፌራሪ የኦስትሪያ ዜግነት ያዘ። ስብስቡን ለበርሊን የፖስታ ሙዚየም ተናዘዘ። ንብረቱ ግን ፓሪስ ተቀምጦ ነበር! አንደኛው የዓለም ጦርነት ገና ሳያበቃ፣ በ1917 ስዊዘርላንድ ውስጥ ሞተ። የፈረንሳይ መንግሥትም ስብስቡን «የጠላት ንብረት» ብሎ ወረሰው። ከ1921 እስከ 1925 በ14 ጨረታዎች ሸጠው፤ ገንዘቡም ከጀርመን የጦር ካሣ ላይ ታሰበ። የጊያናዋን ቴምብር በ1922 አሜሪካዊው ባለፋብሪካ አርተር ሂንድ ከ30 ሺህ ዶላር በላይ ከፍሎ ወሰዳት።

ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? ጦርነት ድንገተኛ አደጋ ነው የሚሉ ይኖራሉ። ነገር ግን ባለቤቱ የአንድ አገር ዜጋ፣ ዕቃው በሌላ አገር፣ ወራሹ በሦስተኛ አገር ከሆነ አደጋው የተዘጋጀው በሰላሙ ቀን ነው። ፌራሪ ስብስቡን በሕይወቱ እያለ፣ ድንበሩ ሳይዘጋ፣ ለሙዚየሙ ማስረከብ ይችል ነበር። ለኑዛዜ አቆየው።

ቴምብሯ ግን ምንም አልሆነችም። በ2014 ወደ 9.5 ሚሊዮን ዶላር፣ በ2021 ደግሞ ወደ 8.3 ሚሊዮን ዶላር ተሸጣለች። ኋላ የሸጣት ሰው ከስሯል። ቢሆንም ገበያ ያወርዳል፣ መልሶም ያወጣል፤ የዋጋ ኪሳራ በሌላ ንግድ ይካካሳል። የባለቤትነት ኪሳራ ግን መካካሻ የለውም።

ነጋዴ ዕቃ ሲገዛ አገላብጦ ያያል፣ ዋጋ ይጠይቃል፣ ይከራከራል። ዕቃው በማን ስም፣ በየትኛው አገር ሕግ ሥር እንደሚያድር የሚጠይቀው ስንቱ ነው? ፌራሪ ከአርባ ዓመት በላይ የለቀመው ሀብት የሄደው በዚህች ባልተጠየቀች ጥያቄ ነው።