ወፍ እንዳገሩ ይጮኻል፤ ሰሚውስ የት አለ?

ባለፈው ሰሞን በዶርሙ ጨዋታ ላይ የቦሩ ሜዳ ጫካ ተነሥቶ ነበር። በጫካው ጎጆ ሠርተው የሚፈለፍሉትን ወፎች በፈቃደኝነት እንቁጠር ብንል፣ አንዳንድ ወንድሞቻችን ሳቁብን። «ሰው ሳይቆጠር ወፍ?» አሉን። ሳቁን ሰምተናል፤ መልሳችን ይኸው።

አንደኛው ሰበብ ራብ ነው። «ወሎ የተራበ አገር ነው፤ ወፍ ቆጠራ የጠገበ ሰው ጨዋታ ነው» ይሉናል። ኧረ ተዉ! በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎን የፈጀው የዝናብ መጥፋት ብቻ ነበር ወይ? መንግሥት ነገሩን መደበቁም ነው። ያን ጊዜ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ድረስ መጥተው ያዩትን በፎቶግራፍ ለተማሪው አሳዩ፤ የተደበቀውም መውጣት ጀመረ። አገርን አይቶ መጻፍ ቅንጦት አይደለም። ወፍን ከሰው ጋር አናስተካክልም። ነገር ግን ዛፉ ሲያልቅ አፈሩ ይታጠባል፣ አፈሩ ሲታጠብ እህሉ ይጠፋል። ጎጆ ያጣች ወፍ ይህን አስቀድማ ትነግረናለች፤ የሚሰማት ከተገኘ።

ሁለተኛው ሰበብ «ተራራው አረንጓዴ ነው፤ ምን ጎደለ?» የሚለው ነው። አዎ፣ በባሕር ዛፍ አረንጓዴ ነው። ባሕር ዛፍ በምኒልክ ዘመን ከመጣ ወዲህ ማገዶና ማገር ሆኖ ድሃውን ጠቅሟል፤ አንረግመውም። ግን ገና በለጋነቱ ይቆረጣል፤ አርጅቶ እስኪቦረቦር ማን ይጠብቀዋል? እንግዲያ ግንደ ቆርቁር ቤቱን በምን ላይ ይቦርቡር? በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋ ብቻ የምትገኘው ጥቁር ክንፍ ያላት በቀቀንስ እንቁላሏን በየትኛው ሽንቁር ትጣል? አሮጌው ጽድና ወይራ የቀረው በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥርና በየመቃብሩ ነው። በባሕር ዛፉ ውስጥ የሚፈለፍለው ወፍ ከዚያ ያንሳል እንላለን። ይህ ግምታችን ነው፤ ግምት ደግሞ የሚፈተነው በሳቅ ሳይሆን በቆጠራ ነው።

ሦስተኛው «የፈረንጅ ሥራ ነው» የሚለው ነው። እንዴ! የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር በ1966 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ የራሳችን ማኅበር አይደለም ወይ? አሽና አትኪንስ የተባሉት ሰዎች የኢትዮጵያንና የኤርትራን ወፎች ስርጭት በ2009 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አውጥተውልናል፤ እናመሰግናለን። ጎብኚ ግን አብዛኛውን ጊዜ በበጋ መጥቶ፣ ብርቅዬውን አይቶ፣ ዝርዝሩ ላይ ምልክት አድርጎ ይሄዳል። ብዙው የደጋ ወፍ ጎጆ የሚሠራው ዝናብ ሲመጣ ነው። ያኔ ጭቃው ውስጥ ማን አለ? የእንግሊዝ አገር ፈቃደኞች ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንድ ኪሎ ሜትር በአንድ ኪሎ ሜትር የሆነ መሬት እየተካፈሉ፣ በመራቢያው ወቅት ሁለት ጊዜ በማለዳ ወጥተው ይቆጥራሉ። ፖስተኛውም ጡረተኛውም ይቆጥራል፤ አበል አይጠይቅም። እኛ ግን ያለ አበል ከአልጋ አንወርድም!

ራሳችንንም አናድንም። ክረምት ሲገባ ሻንጣችንን አንጠልጥለን የሄድን እኛም ነን። «መነጽር የለንም፤ በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ዩኒቨርሲቲው ተዘርፏል» ብለን ያመካኘንም እኛው ነን። ዘረፋው እውነት ነው። ጆሯችንን ግን ማን ዘረፈን?

ስለዚህ የምንለው ይህ ነው። የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች በሰኔ አንድ ማለዳ፣ በነሐሴ አንድ ማለዳ በቦሩ ሜዳ እንውጣ፤ አንድ መንገድ በባሕር ዛፉ፣ አንድ መንገድ በአሮጌው ዛፍ። ሣር ወይም ትል በአፏ ይዛ የምትበር ወፍ፣ ገና መብረር የሚማር ጫጩት፣ የሚዘምር ወንድ፤ ይህን በደብተር እንጻፍ። ጎጆ አይነካም፤ የሚያውክ ሰው አብሮን አይምጣ። ሌላው ደግሞ በየአገሩ፣ በየቀዬው ጫካ ይቁጠር።

ቦሩ ሜዳ ክርክር ያውቃል። በ1870 ዓ.ም. በአፄ ዮሐንስ ፊት ሊቃውንቱ የተከራከሩት እዚሁ ነው። ያ ክርክር በንጉሥ ብያኔ ተዘጋ። የእኛን የሚዘጋ ንጉሥ የለም፤ የሚዘጋው በጤዛ የረጠበ ደብተር ብቻ ነው። የሳቃችሁብን ወንድሞች፣ ተሳስተን ከሆነ በሰኔ ማለዳ መጥታችሁ አሳዩን። እርሳስ እኛ እንይዛለን።