ዳግማዊ ምኒልክና የምዕራቡ የንግድ በር

የአንድ መሪ ሥራ በጦር ሜዳ ድል ብቻ ሲመዘን፣ ለነጋዴው የተሠራው ሥራ ተዘንግቶ ይቀራል። ስለ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ሲነገር የ1888 ዓ.ም. የዓድዋ ድል መቅደሙ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ የኢሉባቦር ነጋዴ ሊያስታውሰው የሚገባው ሌላም ሥራ አላቸው፤ ይኸውም በባሮ ወንዝ ዳር የተከፈተው የጋምቤላ በር ነው።

ንጉሠ ነገሥቱ በ1886 ዓ.ም. ለጅቡቲው ምድር ባቡር ፈቃድ ሰጥተው የምሥራቁን መንገድ ሲያስጀምሩ ምዕራቡን አልዘነጉትም። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተዋዋሉት ውል፣ በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ የሚሆን ቦታ ለሱዳን መንግሥት በኪራይ እንዲሰጥ ፈቀዱ። ቦታው ከ400 ሄክታር፣ የወንዝ ዳር ርዝመቱም ከ2,000 ሜትር እንዳይበልጥ ተወሰነ፤ ለፖለቲካም ሆነ ለጦር ጉዳይ እንዳይውል ተከለከለ፤ ዘመኑም ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ ብቻ ሆነ። ስለዚህ ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነጻ ስትወጣ የኪራዩ ምክንያት አበቃ፤ ቦታውም ወደ ባለቤቱ ተመለሰ። ምኒልክ በር ከፈቱ እንጂ ርስት አልሸጡም።

ጥቅሙም በገበያ ታየ። የጎሬና የመቱ አካባቢ ቡና በበቅሎ ተጭኖ ወደ ጋምቤላ ይወርድ ነበር፤ በክረምት ባሮ ሲሞላም በመርከብ ወደ ካርቱም ይጓዝ ነበር። በመልሱ ጨውና ጨርቅ ይመጣ ነበር። በ1898 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአቢሲኒያ ባንክ በጎሬ ቅርንጫፍ እስከ መክፈት መድረሱ የዚህን ንግድ ክብደት ይመሰክራል።

ሚዛን ግን ሁለት ወገን አለው። በዚያ ዘመን የተዘረጋው የገባር ሥርዓት በሀገሬው ገበሬ ላይ ከባድ ሸክም ጥሏል። ያው የ1894ቱ ውልም ስለ ዓባይና ስለ ሶባት ውኃ በያዘው አንቀጽ ለረጅም ዘመን ክርክር አትርፎልናል። ውል አንቀጽ በአንቀጽ ይነበባል የምንለው ስለዚህ ነው።

ባሮ መርከብ የሚያስኬደው በክረምት ብቻ በመሆኑ፣ ባቡሩም በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ በመድረሱ፣ በኋላም የመኪና መንገድ በመስፋፋቱ የጋምቤላ ንግድ እየቀዘቀዘ ሄደ። ዛሬ ቡናችን ወደ ውጭ የሚላከው በአዲስ አበባ አልፎ በጅቡቲ በኩል ነው። የዳሪሙ ባለሱቅ የሚሸጠው የውጭ ዕቃም በዚያው ረጅም መንገድ ይመጣል፤ የጭነቱን ኪራይ በመጨረሻ የሚከፍሉት ገበሬውና ሸማቹ ናቸው።

በበኩሌ የምዕራቡ በር ነገ ይከፈት አልልም፤ በ2003 ዓ.ም. ነጻ የወጣችው ደቡብ ሱዳን ሰላሟ ሳይጸና ንግድ በዚያ አያልፍም። ነገር ግን ሰላም በመጣ ጊዜ ዝግጁ ሆኖ መገኘት ያስፈልጋል። ስለዚህ የንግድ ምክር ቤታችን አንድ ኩንታል ቡና ከመቱ በሁለቱም አቅጣጫ ቢጓዝ የሚያስወጣውን ወጪ አስጠንቶ ለመንግሥት እንዲያቀርብ አሳስባለሁ። ምኒልክ ሁለት በር ከፍተው ነበር፤ እኛም አንዱን ብቻ ይዘን መቅረት የለብንም።