ግንዛቤ የጎደለው ወረዳው ነው

የወረዳ ጽሕፈት ቤቶችን የሩብ ዓመት ሪፖርት ያነበበ ሰው አንድ ሐረግ ደጋግሞ ያገኛል። የጤና መድን አባላት ቁጥር ከእቅድ በታች ሆነ፤ ምክንያቱ «የኅብረተሰቡ የግንዛቤ ችግር»። ግብር በወቅቱ አልገባም፤ የግንዛቤ ችግር። ለተፋሰስ ሥራ የወጣው ሰው አነሰ፤ የግንዛቤ ችግር። መፍትሔውም ከዚያው ሐረግ ይወለዳል፦ የግንዛቤ ማስጨበጫ መድረክ ይዘጋጃል፣ አበል ይያዛል፣ የመድረኩ መካሄድ በሚቀጥለው ሪፖርት እንደ ሥራ ይቆጠራል።

ይህ ምክንያት ስሕተት ነው። የገጠር ወረዳ አስተዳደርን ከሚያበላሹት ነገሮችም ቀዳሚው ይኸው ነው እላለሁ። «ገበሬው ስላልገባው ነው» ብሎ የሚነሳ ኃላፊ «እኔስ ምን አጎደልኩ?» ብሎ አይጠይቅም። የጎደለው መድኃኒት፣ ያልደረሰው ማዳበሪያ፣ ያልተመለሰው አቤቱታ ሁሉ ከሪፖርቱ ይጠፋና ጥፋቱ በባለጉዳዩ ጭንቅላት ላይ ያርፋል።

ነገሩን በቢቸናና በሞጣ ላይ አድርጌ ማየት የፈለግሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ቢቸና የእነማይ፣ ሞጣ የሁለት እጁ እነሴ ወረዳ መቀመጫ ናቸው፤ ቀድሞም የአውራጃ ከተሞች ነበሩ። ከደጀን ተነስቶ ወደ ባሕር ዳር በሚወጣው መንገድ ላይ የሚገኘው ይህ የጤፍ አገር «ግብር የማይወድ፣ አስቸጋሪ ሕዝብ» የሚል ስም ከወጣለት ቆይቷል። ስሙን ያወጣለት በአብዛኛው የ1960 ዓ.ም. አመፅ ነው። ያ አመፅ ግን በደንብ ሲመረመር የሚመሰክረው ስለ ሕዝቡ ማስተዋል ነው።

የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ የታወጀው በኅዳር 1960 ዓ.ም. ነው። በወረቀት ላይ ሲታይ አዋጁ መጥፎ አልነበረም፤ ብዙ ያመረተ ብዙ እንዲከፍል፣ ትንሽ ያመረተ ትንሽ እንዲከፍል የሚል ነበር። ጎጃም ግን አልተቀበለውም። በሞጣ፣ በቢቸናና በደጋ ዳሞት ገበሬው ጠመንጃውን አንሥቶ ገማቾችን ከማሳው መለሰ። የአዲስ አበባ ሹማምንት «አዋጁ አልገባቸውም» አሉ። ገበሬው ግን ነገሩን አንድ በአንድ አስልቶት ነበር። ምርት ሊገመት ከሆነ ገማች ማሳ ይገባል፤ ገማች ከገባ መሬት ይለካል፤ መሬት ከተለካ ርስት ይነካል። ይህ ከባዶ የተነሣ ሥጋት አልነበረም፤ በደቡብ የአገሪቱ ክፍል ቀላድ የተባለው የመለኪያ ገመድ የተጣለበት መሬት በማን እጅ እንደገባ፣ ባለመሬት የነበረው እንዴት ጭሰኛ እንደሆነ ጎጃም ያውቅ ነበር።

ሌላም የሚታወቅ ነገር ነበር። የትምህርት ግብር ከ1940 ዓ.ም. ጀምሮ፣ የጤና ግብርም በ1950ዎቹ መጀመሪያ በአገሪቱ ተደንግጎ ነበር። በእነዚህ ስሞች ገንዘብ የሚጠየቅ ገበሬ ግን በአቅራቢያው ትምህርት ቤትም ሐኪምም አላየም። ጠቅላይ ግዛቱን ያስተዳድሩ የነበሩት ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴም ከአዋጁ በፊት በመሣሪያ ምዝገባና በልዩ ልዩ መዋጮ ሕዝቡን አስመርረውት ነበር። እንዲህ ያለ አስተዳደር አዲስ ሂሳብ ይዞ ሲመጣ «የቀድሞው የት ደረሰ?» ብሎ መጠየቅ ማስተዋል ካልሆነ ምን ሊባል ነው? መንግሥት ጦር ላከ፣ ከአየርም ቦምብ ጣለ። በመጨረሻ ግን ያመነው የገበሬውን ሂሳብ ነው፦ ገዥው ተነሥተው ወደ ከፋ ተዛወሩ፣ አዲሱ ግብር በጎጃም ሳይሰበሰብ ቀረ፣ የቆየው ውዝፍም ተሰረዘ።

እዚህ ላይ ብቻ ብናቆም «እንግዲያው ይህ ሕዝብ መለካትን በባሕርዩ ይጠላል» የሚል ሊነሣ ይችላል። የሚቀጥለው ታሪክ ይህን ያፈርሰዋል። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የአማራ ክልል የገጠር መሬት ይዞታ መመዝገብ ጀመረ። ከመጀመሪያዎቹ የሙከራ ቦታዎች አንዱ እዚያው ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ፣ ጎዛምን ወረዳ ነበር። አባቶቹ ገማች አናስገባም ብለው የተዋጉለትን ማሳ ልጁ ራሱ ገመድ ይዞ ለካው። ምን ተለወጠ? መሬቱን የሚለካው ኮሚቴ ሕዝቡ ከመካከሉ የመረጠው ነበር። አዋሳኞች በቦታው ቆመው ድንበሩን ይመሰክሩ ነበር። የተመዘገበው ለሕዝብ ይፋ ይደረግና ቅር ያለው ይናገር ነበር። በመጨረሻም ደብተሩ በባለይዞታው እጅ ይገባ ነበር፤ በደብተሩም ላይ የሚስትም የባልም ስም ይጻፍ ነበር። በአፈጻጸሙ ጉድለት አልጠፋም፤ አድልዎ የተፈጸመበትም አለ። ይሁን እንጂ ከመንግሥት ሥራዎች ውስጥ የገጠሩ ሕዝብ እንዲህ በብዛት፣ ማንም ሳይገፋው የወጣለት ሥራ ጥቂት ነው።

በአመፁና በምዝገባው መካከል የተፈጸመውን ደግሞ ማንሣት ግድ ይላል። በ1989 ዓ.ም. የተካሄደው የመሬት ሽግሽግ ገበሬዎችን «ቢሮክራት» እና «የፊውዳል ርዝራዥ» ብሎ ፈረጀ። የተፈረጀው ከአንድ ሄክታር፣ ማለትም ከአራት ጥማድ በላይ እንዳይዝ ተደረገ፤ ለሌላው የተፈቀደው ጣሪያ ግን ሦስት ሄክታር ነበር። በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበር ጸሐፊ ወይም ሊቀመንበር የነበረ ሰው በዚያ ምክንያት ብቻ ማሳውን ያጣበት ጊዜ ነው። ፍረጃው በዝግ ስብሰባ ተወስኖ በመጨረሻ ለባለጉዳዩ ይነገረው ነበር። በወረዳው ሰሚ ያጡ ገበሬዎች አቤቱታቸውን ይዘው አዲስ አበባ ድረስ ሄዱ። ሽግሽጉም ምዝገባውም የመሬት ጉዳይ ናቸው፤ ሁለቱም የተፈጸሙት በአንድ ክልል፣ በአሥር ዓመት ውስጥ፣ በአንድ ሕዝብ ላይ ነው። አንዱን ሸሸ፣ ሌላውን ተሻምቶ ተቀበለ። በስድስት ዓመት ውስጥ የሕዝቡ ግንዛቤ አልተለወጠም። የተለወጠው አሠራሩ ነው።

አሁን ወደ ዕለቱ የወረዳ ሥራ እንምጣ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድንን እንውሰድ። ሐሳቡ በጎ ነው፤ በክልሉ በ2003 ዓ.ም. በጥቂት ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ ተስፋፍቷል። ቀበሌው የአባላት ኮታ ይሰጠዋል። የቀበሌው ሥራ አስኪያጅና የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ቤት ለቤት ዞረው መዋጮውን ይሰበስባሉ። አባወራው ይከፍላል። ልጁ ሲታመምበት ካርዱን ይዞ ጤና ጣቢያ ይሄዳል፤ ሐኪሙ መድኃኒት ይጽፍለታል፤ ከመድኃኒት ቤቱ መስኮት «የለም፣ ከውጭ ግዙ» ይባላል። በኪሱ ባለው ከግል መድኃኒት ቤት ይገዛል። በሚቀጥለው ዓመት እድሳት ሲመጣ «ይቅርብኝ» ይላል። ይህ ሰው መድን ምን እንደሆነ ከማንም በላይ የገባው ሰው ነው፤ ከፍሎ ያልተሰጠውን ነገር በትክክል ለይቶ ያውቃል። በሪፖርቱ ላይ ግን «የግንዛቤ ችግር» ሆኖ ይጻፋል፤ ያልነበረው መድኃኒት ስም ግን የትም አይጻፍም።

ማዳበሪያም እንደዚሁ ነው። የልማት ጣቢያ ሠራተኛ የሚባለው ወጣት የተማረው ገበሬውን ሊያማክር ነው፤ ነገር ግን ከዓመቱ ብዙውን ጊዜ የሚያሳልፈው ፍላጎት ሲመዘግብ፣ ዕዳ ሲያስከፍል፣ ሰው ለዘመቻ ሲያስወጣ ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ በአማራ ክልል ገበሬዎች ማዳበሪያ ጠይቀው ሰልፍ ወጥተዋል። ለዓመታት «ማዳበሪያ ተጠቀም» ተብሎ ሲመከር የኖረ ሕዝብ «የት አለ?» ብሎ አደባባይ ሲወጣ ግንዛቤ ጎድሎታል የሚል ሰው ከቶ ምን ዓይነት ማስረጃ ይዞ ነው?

አንድ ሽማግሌ ለይዞታ ክርክር ከገጠር ቀበሌ ሌሊት ተነሥተው ወረዳ ሲደርሱ የሚሰሙት ቃል በየአገሩ አንድ ነው፦ «አባቴ፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ሰኞ ይመለሱ።» ሰኞ ሲመለሱ ኃላፊው መስክ ወጥተዋል። ማክሰኞ ማኅተሙ የተቆለፈበት ቁልፍ ግምገማ ከሄደ ሰው ጋር ነው። በመጨረሻ «ከቀበሌ ደብዳቤ አምጡ» ይባላሉ። በቢሮው ግድግዳ ላይ የዜጎች ቻርተር ተለጥፏል፤ እያንዳንዱ አገልግሎት በስንት ሰዓት፣ በስንት ቀን እንደሚጠናቀቅ ይናገራል። በአሠራር ማሻሻያ ስም ቢፒአርም መጥቷል፣ ቢኤስሲም መጥቷል፣ ካይዘንም መጥቷል፣ አንድ ለአምስትም መጥቷል። እያንዳንዱ ሲመጣ ሠራተኛው ለሥልጠና ወጥቷል፤ ሽማግሌውም በር ላይ ቆይተዋል። ቂሜ ግን በአብዛኛው በዝቅተኛ ደመወዝ፣ ወረቀትና ነዳጅ በሌለበት ቢሮ ተቀምጦ በሚሠራው ሠራተኛ ላይ አይደለም። ቂሜ ከላይ ላለው ብቻ መልስ እንዲሰጥ ባደረገው አሠራር ላይ ነው። ከዞንና ከክልል የሚመጣ የስልክ ጥሪ ዛሬውኑ መልስ ያገኛል፤ የሽማግሌው ጥያቄ መልስ ባያገኝ የሚጠይቅ የለም።

«በጀት የለንም» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ እውነትም አለበት። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ ወረዳዎች በጥቅል በጀት እንዲተዳደሩ ተደርጓል። ሥልጣን ወደ ታች ወረደ ተባለ፤ የወረደው ገንዘብ ግን አብዛኛው የመምህራንና የሌሎች ሠራተኞች ደመወዝ ሆኖ ያልቃል፤ ለመንገድ፣ ለውኃ፣ ለመድኃኒት የሚተርፈው ጥቂት ነው። እንግዲያው ይህንኑ ለሕዝቡ መንገር ነው። በ1998 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረታዊ አገልግሎቶች ጥበቃ ፕሮግራም ወረዳዎች በጀታቸውንና ወጪያቸውን በሰሌዳ እንዲለጥፉ ተደርጎ ነበር። ያ መልካም ነገር የመጣው ለጋሾች ስለጠየቁት ነበር፤ ሰሌዳውም የቆመው በአብዛኛው ገበሬው በማይረግጠው ግቢ ውስጥ ነው። ያን ሂሳብ በገበያ ቀን፣ በድምፅ ማጉያ፣ በሚገባ አማርኛ ማንበብ ምን ያህል በጀት ይጠይቃል? በዚያው ገጠር የእድር ዳኛ ገቢና ወጪውን በአባላቱ ፊት ያነብባል፤ አንድ ብር ከጎደለ ይጠየቃል። ወረዳው ከእድር ያነሰ ግዴታ ሊኖርበት አይገባም።

ከሞጣ በስተሰሜን፣ ዓባይ ላይ፣ ሰባራ ድልድይ የሚባል አለ። በኢጣሊያ ወረራ ዘመን ተቆርጦ ከቀረ በኋላ የጎጃምና የጎንደር ሰዎች በዚያ በኩል የሚሻገሩት ከወዲህና ከወዲያ ማዶ በተዘረጋ ገመድ እየተጎተቱ ነበር። ለገበያ የሚሄድ፣ በሽተኛ የሚያደርስ፣ ዘመድ የሚጠይቅ ሁሉ እንዲሁ። ነገሩን የማያውቅ የወረዳ፣ የአውራጃ፣ የዞን ሹም አልነበረም። ድልድዩ በ1994 ዓ.ም. የተጠገነው አንድ አሜሪካዊ ሥራ ተቋራጭ የእነዚያን በገመድ የሚጎተቱ ሰዎች ፎቶግራፍ በመጽሔት አይቶ ስለተነሣ ነው። ጥገናውን ጎርፍ ከወሰደው በኋላም በዚያው በጎ አድራጎት የተንጠለጠለ ድልድይ ተሠራለት። ለሰውየው ምስጋና ይገባዋል። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ይህ ነው፦ ከስድሳ ዓመት በላይ በዓባይ ላይ የታየ ችግር ወደ ላይ የሚወጣበት የመንግሥት መንገድ አልነበረም። ኮታ ከላይ ወደ ታች ይፈስሳል፤ የሕዝቡ ጥያቄ ግን ወደ ላይ የሚወጣበት አምድ በቅጹ ውስጥ የለም።

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 50 መሠረት ሕዝብ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን ሊሰጠው ይገባል። የወረዳ ምክር ቤት በሕዝብ ይመረጣል፤ አስተዳዳሪውም ለምክር ቤቱ ተጠሪ ነው። የወረዳና የቀበሌ ምርጫ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው ግን በ2005 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜም በመላ አገሪቱ ከነበሩት ከ3.6 ሚሊዮን ገደማ መቀመጫዎች ከጥቂቶቹ በስተቀር ሁሉም በገዥው ፓርቲና በአጋሮቹ ተይዘዋል። የዘመኑ ገደብ አምስት ዓመት ነበር፤ በ2010 ዓ.ም. ካበቃ ወዲህ ግን በክልሉ ሌላ የአካባቢ ምርጫ አልተደረገም። በ2005 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በሞጣም በቢቸናም አሁን በሬ ጠምዶ ያርሳል። ወረዳውን ሊጠይቅ የሚችልበት ቀን ተነፍጎት የኖረ ሕዝብ «ግንዛቤ የለውም» ሲባል ዝም ማለት አልችልም።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልሉ የተቀጣጠለው ጦርነት ይህን ሁሉ አክብዶታል። ቢሮዎች ተዘግተዋል፣ ባለሙያዎች ተሰደዋል፣ መዝገቦች ጠፍተዋል። «አሁን የዚህ ጊዜ አይደለም» የሚሉኝ ይኖራሉ። እኔ ግን ጊዜው ይህ ነው እላለሁ፤ አስተዳደር እንደገና በሚቆምበት ቀን በአሮጌው አሠራር ከቆመ ገበሬው እንደገና ይሸሸዋል። ከማንም ይሁን ከማን፣ ገንዘብ የሚሰበስብ ሁሉ ደረሰኝ ይስጥ። የቀበሌው ሂሳብ በቀበሌው ሕዝብ ፊት ይነበብ። የአካባቢ ምርጫ ሰላም በወረደበት ቦታ ሁሉ ሳይዘገይ ይደረግ።

በወረዳ ቢሮ ውስጥ ተቀምጠህ ይህን የምታነብ ወንድሜ፣ እኅቴም፣ የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። በሚቀጥለው የሩብ ዓመት ሪፖርታችሁ «የግንዛቤ ችግር» የሚለውን ሰርዙት። በቦታው ሕዝቡ የጠየቀውን፣ የተሰጠውን መልስና መልስ ያላገኘውን በቁጥር ጻፉ፤ የቀረውን መድኃኒት በስሙ፣ ያልደረሰውን ማዳበሪያ በኩንታሉ። ያን ሪፖርት ወደ ዞን ከመላካችሁ በፊት በገበያ ቀን ለባለጉዳዩ አንብቡለት።